ከዕጣ እስከ ሰው ሠራሽ አስተውሎት

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በመምህራን መካከል ውይይት በተነሣ ቁጥር ሁለት ተቃራኒ አስተያየቶች ይሰማሉ። አንደኛው ወገን «ኮምፒዩተሩ ቃላትን እንደ ዕጣ እያወጣ የሚደረድር ስለሆነ ዋጋ የለውም» ሲል፣ ሌላው ወገን ደግሞ «እንደ ሰው አስቦ የሚመልስ ስለሆነ ሊታመን ይገባዋል» ይላል። ለክርክሩ መነሻ ከሚሆኑት ነገሮች አንዱ፣ ተማሪው ያንኑ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ሲያቀርብ ሁለት የተለያዩ መልሶች ሊያገኝ መቻሉ ነው። በዚህ ጽሑፍ የነገሩን አመጣጥ ከታሪኩ እንመረምራለን። የምንጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ተራውን ዕጣ በምሳሌ እንመልከት። የፊደል ገበታችን 33 ሆሄያት በሰባት ሰባት ድምፅ ሲባዙ 231 ይሆናሉ። እነዚህን በ231 ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፈን በቅርጫት ብንቀላቅልና፣ አንዱን አውጥተን ከመዘገብን በኋላ እየመለስን ደጋግመን ብናወጣ፣ እያንዳንዱ የመውጣት ዕድሉ ከ231 አንድ ነው። ቅርጫቱ አስቀድሞ «ሰ» መውጣቱን አያስታውስም፤ ቀጥሎ «ላ» ቢመጣ ወደ ቃል የሚያመራ መሆኑንም አያውቅም። የዕጣው ጥቅምም እዚሁ ላይ ነው፤ ለማንም አያደላም። ራንድ የተባለው የአሜሪካ የጥናት ድርጅት በ1955 አንድ ሚሊዮን የዕጣ አሃዞችን በመጽሐፍ ያሳተመው፣ ለናሙና አወሳሰድና ለሳይንሳዊ ስሌት እንዲህ ያለ አድልዎ የሌለበት አሃዝ ስለሚያስፈልግ ነበር።

ኮምፒዩተር በዕጣ እንዲጽፍ ከተደረገባቸው ቀደምት ሙከራዎች አንዱ የተካሄደው በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1951 ለዩኒቨርሲቲው በቀረበው ፌራንቲ ማርክ አንድ በተባለው ኮምፒዩተር ላይ፣ በሒሳብ ሊቁ በአለን ቱሪንግ ሐሳብ አቅራቢነት፣ የዕጣ አሃዞችን የሚያመነጭ ክፍል ተጨምሮ ነበር። ክሪስቶፈር ስትሬቺ በ1952 በዚሁ ክፍል በመጠቀም የፍቅር ደብዳቤ የሚጽፍ ፕሮግራም አዘጋጀ። የዐረፍተ ነገሩን አወቃቀርና የቃላቱን ዝርዝር ያዘጋጀው ራሱ ስትሬቺ ሲሆን፣ ኮምፒዩተሩ ክፍት ቦታዎቹን በዕጣ ይሞላ ነበር። ደብዳቤዎቹ ሰዋስው የጠበቁ ቢመስሉም፣ ሰዋስው የሚያውቀው ሰውየው እንጂ መሣሪያው አልነበረም። አንድ ሺህ ደብዳቤ ቢጽፍም ከመጀመሪያው ደብዳቤ የተማረው አንዳች ነገር አይኖርም።

ከዚህ ወሰን የሚያልፈው መንገድ ግን ኮምፒዩተር ከመሠራቱ በፊት ተጠርጎ ነበር። በ1913 ሩስያዊው የሒሳብ ሊቅ አንድሬይ ማርኮቭ፣ በአማርኛ አንባቢዎች ዘንድም የታወቀው የአሌክሳንደር ፑሽኪን ድርሰት ከሆነው ከ«ኤቭጌኒ ኦኔጊን» የመጀመሪያዎቹን 20,000 ፊደላት በእጁ ቆጠረ። ከእነዚህም አናባቢዎቹ 8,638 ሆኑ፤ ይህም ከመቶ 43 ያህል መሆኑ ነው። ይሁን እንጂ ከአናባቢ ቀጥሎ ሌላ አናባቢ የሚመጣው ከመቶ 13 ጊዜ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ከተነባቢ ቀጥሎ ግን ከመቶ 66 ጊዜ ያህል አናባቢ ይመጣል። እንግዲህ በጽሑፍ ውስጥ የሚመጣው ፊደል ካለፈው ፊደል ጋር የተያያዘ መሆኑ በቁጥር ተረጋገጠ።

በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ክሎድ ሻነን በ1948 ባወጣው ጥናት ይህንኑ ሐሳብ በእንግሊዝኛ ላይ ሞከረው። በመጀመሪያ ፊደላቱን ሁሉ በእኩል ዕድል አወጣቸው፤ ውጤቱም ትርጉም የለሽ ነበር። ቀጥሎ በቋንቋው ውስጥ እንደሚዘወተሩበት መጠን፣ ከዚያም ሁለት ሁለትና ሦስት ሦስት ሆነው እንደሚከታተሉበት መጠን፣ በመጨረሻም በቃላት ደረጃ አወጣቸው። በእያንዳንዱ እርምጃ ውጤቱ ይበልጥ እንግሊዝኛ እየመሰለ ሄደ። ልብ ልንለው የሚገባው፣ ዕጣው በየደረጃው መውጣቱ ሳይቀር በቅርጫቱ ውስጥ ያለው የዕጣ ብዛት ግን ከእውነተኛ ጽሑፍ በተገኘ ቆጠራ መወሰኑን ነው።

የዛሬው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይህን መንገድ እጅግ አርቆ የተጓዘ ነው። በ1986 ሩመልሃርት፣ ሂንተንና ዊሊያምስ፣ መሣሪያው ስሕተቱን ወደ ኋላ እየተከተለ የውስጥ ቁጥሮቹን የሚያርምበትን ዘዴ የሚያብራራ ጥናት አሳተሙ። በ2017 የጉግል ተመራማሪዎች፣ ራቅ ብለው የሚገኙ ቃላትን ጭምር የሚያገናዝበውን ትራንስፎርመር የተባለውን አሠራር አቀረቡ። በኅዳር 2022 ደግሞ ቻት ጂፒቲ ለሕዝብ ተከፈተ። እንዲህ ያለው መሣሪያ ከፍተኛ መጠን ያለው ጽሑፍ እየቀረበለት የሚቀጥለውን ቃል ወይም የቃል ክፍል ይገምታል፤ ግምቱ ከጽሑፉ ጋር ይነጻጸራል፤ በልዩነቱም መጠን ቁጥሮቹ ይስተካከላሉ። «መምህሩ በጥቁር ሰሌዳው ላይ» የሚል ሐረግ ቢቀርብለት ለ«ጻፈ» ብዙ ዕጣ፣ ለ«ሣለ» ጥቂት ዕጣ ይሰጣል፤ ለ«ጠጣ» ግን ከምንም የማይቈጠር ነው። አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው ምርጫ ከዚህ ቅርጫት በዕጣ ይወጣል። ለአንድ ጥያቄ ሁለት መልስ ሊገኝ የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ስለሆነም ከፍ ብለን የጠቀስናቸው ሁለት ወገኖች እውነቱን በከፊል ይዘዋል። ዕጣ በእርግጥ አለ፤ ነገር ግን በትምህርት የተመዘነ ዕጣ ነው። መሣሪያው በእርግጥ ይማራል፤ ነገር ግን በዚህ መንገድ የተማረው በጽሑፍ ውስጥ ምን ምንን እንደሚከተል ነው፤ ሊሆን የሚችል የሚመስል ነገር ሁሉ ደግሞ እውነት አይደለም። የጦርነት ዘመን ሲጠየቅ ትክክለኛ የሚመስል የተሳሳተ ቁጥር ሊሰጥ፣ ያልተጻፈ መጽሐፍም ሊጠቅስ ይችላል። በተለይም እንደ አማርኛ ያሉ፣ ከእንግሊዝኛ ጋር ሲነጻጸር ለመሣሪያው የቀረበላቸው ጽሑፍ ጥቂት የሆነ ቋንቋዎች ለስሕተት ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው።

ይህን ለማስረዳት ኮምፒዩተር የሌለው ትምህርት ቤትም አይቸገርም። ተማሪዎች በመጀመሪያ ከ231ዱ ወረቀቶች ሃያ ያውጡ። ከዚያም ከመማሪያ መጽሐፋቸው ጥቂት ገጾች መርጠው ከየትኛው ሆሄ ቀጥሎ የትኛው ስንት ጊዜ እንደመጣ ይቊጠሩና፣ ለየሆሄው በቆጠራው ልክ ዕጣ አዘጋጅተው እንደገና ሃያ ያውጡ። ሁለቱን መስመሮች በሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ጽፈው ቢያነቧቸው፣ ሁለተኛው ከፊተኛው ይልቅ አማርኛ እንደሚመስል ያያሉ። ቀጥሎም መምህሩ፣ «አማርኛ መምሰሉ እውነት ተናግሯል ያሰኘዋልን?» ብሎ ይጠይቃቸው።