ዜና መዋዕል ዘዋልያ፦ አንድ የመንዝ ደጋፊ እንደጻፈው

በስመ ሥላሴ። በዘመነ ዮሐንስና በዘመነ ማቴዎስ፣ በ2004 እና በ2005 ዓመተ ምሕረት፣ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ቡድን የዘመተውን ዘመቻ፣ ድል የመታበትንና ድል የተመታበትን ቀን እንጽፋለን። ጸሐፊው የመንዝ ጌራ ምድር፣ የመሐል ሜዳ ሰው ነው። የጻፈውም በቴሌቪዥን ያየውንና በራዲዮ የሰማውን ነው። ወደ ስታዲየሙ ስላልሄደ ሄድኩ አይልም።

መንዝ የሸዋ ነገሥታት አባት ነጋሢ ክርስቶስ የተነሣበት አገር ነው። በቀደመው ዘመን ጸሐፊ ከንጉሥ ጋር እየዘመተ ማን እንደ ወደቀ፣ ማን እንደ ተማረከ፣ ጦሩ በየትኛው ቀን በየትኛው ወንዝ እንደ ሰፈረ ይጽፍ ነበር። በዚህ ዘመን ግን የጌራ ምድርን፣ የማማ ምድርንና የላሎ ምድርን ሰው፣ የግሼንም የመርሐቤቴንም፣ በአንድ ሰዓት በአንድ ነገር እንዲጮኽ ያደረገ ከዚህ ቡድን ሌላ ሠራዊት አላየንም። የቡድኑ ስም ዋልያ ነው። የመንዝ ሰው በጓሳው ላይ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ያያል እንጂ ዋልያን አያውቅም፤ ዋልያ የሰሜን ተራራ እንስሳ ነውና። ያም ሆኖ በዚያ ወራት ዋልያ ከመንዝ ልጅ አፍ አልጠፋም።

ስለ ቡድኑ ትውልድ

ዜና መዋዕል ከትውልድ ይጀምራልና እኛም ከትውልድ እንጀምር። በ1949 ዓ.ም. በካርቱም ከተማ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ደቡብ አፍሪካና ኢትዮጵያ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መሠረቱ። ደቡብ አፍሪካ ግን ነጭና ጥቁር ቀላቅላ ለማሰለፍ እንቢ ስላለች ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ቀረች። ኢትዮጵያም ከእርሷ ጋር ሳትጋጠም ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈቻት።

ከዚህም በኋላ በዘመነ ማርቆስ፣ በጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ ታላቅ ድል ሆነ። ይድነቃቸው ተሰማ ያሠለጠኑት ቡድን አስቀድሞ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፎ ነበርና ከግብፅ ጋር ለዋንጫ ቆመ። ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩ። አንዱን ግርማ ተክሌ መለሰ፤ ሁለተኛውን አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ መለሰ። በተጨማሪው ሰዓት የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አገቡ፤ 4 ለ 2 ሆነ። ዋንጫውንም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በእጃቸው ለሉቺያኖ ሰጡት። አንባቢ ሆይ፣ ጥር 13 የሚለውን ቀን ያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እየቀዘቀዘ ሄደ። በ1974 ዓ.ም. ቡድኑ ወደ ሊቢያ ዘምቶ አንድ ግብ እንኳ ሳያገባ ተመለሰ። ከዚያም 31 ዓመት ሙሉ የአፍሪካን ዋንጫ ደጅ አልረገጠም። በዚያ ዘመን የተወለደ ሁሉ የአገሩን ቡድን በአፍሪካ ዋንጫ ሳያይ ሚስት አገባ፣ ልጅም አሳደገ።

ስለ ሰኔ ወር

በ2004 ዓ.ም. አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ሠራዊቱን ይመሩ ነበር። በግንቦት 26 ቀን በሩስተንበርግ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ተጋጠሙ። ሳላዲን ሰይድ አስቀድሞ አገባ፤ ደቡብ አፍሪካ በኋላ መለሰች፤ 1 ለ 1 ተለያዩ። በሰኔ 3 ቀን መካከለኛው አፍሪካን በአዲስ አበባ 2 ለ 0 አሸነፉ፤ ሁለቱንም ያገባ ሳላዲን ነው። በሰኔ 10 ቀን ደግሞ ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ወደ ቤኒን ሄዱ። በየካቲት በአዲስ አበባ 0 ለ 0 ወጥተው ነበር፤ በኮቶኑ 1 ለ 1 ወጡ፤ በሰው ሜዳ ባገቡት ግብ አለፉ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ልብ አላለም። መንዝ ክረምቱን ሊቀበል ጣራውን ይከድን ነበር።

ስለ ሱዳን ዘመቻ

በዚያ ክረምት በአገር ላይ ሐዘን ወደቀ። በነሐሴ 10 ቀን ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ዐረፉ፤ በነሐሴ 14 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትሩ መለስ ዜናዊ ሞቱ። ለቅሶው ገና ሳይበርድ፣ በጳጉሜን 3 ቀን፣ በቅዱስ ሩፋኤል በዓል፣ ሕፃናት ዝናብ ለመጠመቅ በሚወጡበት ዕለት፣ ቡድኑ ለአፍሪካ ዋንጫ በመጨረሻው ማጣሪያ በሱዳን ምድር ተሰለፈ። ተሸነፈም፤ 5 ለ 3።

እኔ ጸሐፊው ከምወዳቸው ቀኖች አንዱ ይህ የሽንፈት ቀን ነው። በነጋታው አምስቱን የቆጠረ አዝኖ ዋለ፤ ሦስቱን የቆጠረ ተስፋ አደረገ። ቡድኑ ተሸንፎ ቢመለስም ሦስት ግብ በሰው አገር አግብቶ ነበርና፣ በአዲስ አበባ 2 ለ 0 ቢያሸንፍ እንደሚያልፍ ነገሩ ለገባቸው ግልጽ ነበር።

ስለ ጥቅምት 4 ቀን

ጥቅምት በመንዝ ውርጭ የሚፈራበት ወር ነው። በዘመነ ማቴዎስ፣ በጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ዕለቱ እሑድ፣ የመሐል ሜዳ ሰው ከቅዳሴ መልስ ቴሌቪዥን ወዳለበት ቤት ገባ። ባና የደረበ ሽማግሌ ከተማሪ ጋር በአንድ አግዳሚ ተቀመጠ። አንድ አዛውንትም ሒሳቡ አልገጥም ብሏቸው አጠገባቸው ያለውን ልጅ ጠየቁት።

«ልጄ፣ አምስት አግብተውብን ሁለት ብናገባ እንዴት እናልፋለን?»

«አባባ፣ እኛም እዚያ ሦስት አግብተናል፤ ሁለት ስንጨምር አምስት ለአምስት ነው። እኩል ሲሆን ደግሞ በሰው አገር ያገባ ይበልጣል።»

«እሱስ ደግ ፍርድ ነው» አሉ። «በሰው አገር የሠሩት ሥራ መክበዱ የታወቀ ነው።»

የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ግብ አለቀ። በዕረፍት ሰዓት ቤቱ ውስጥ የተናገረ ሰው ጥቂት ነው። ከዕረፍት በኋላ አዳነ ግርማ አገባ። ብዙም ሳይቆይ ሳላዲን ሰይድ ደገመ። ከዚያ እስከ ፍጻሜው ያለው ጊዜ ከ31 ዓመቱ ይረዝም ነበር፤ አንዲት የሱዳን ግብ ሁሉን ታፈርስ ነበርና። ፊሽካው ሲነፋ ሰው ሁሉ ወደ መንገድ ወጣ፤ ውርጩን ያሰበ አልነበረም። በአዲስ አበባም ሕዝቡ ሰንደቅ ዓላማ ለብሶ ሌሊቱን በጎዳና አሳለፈ። ይህ ቀን ከወደድኳቸው ቀኖች ሁሉ የበላይ ነው። ዋንጫ አልተገኘበትም፤ ሆኖም በክረምቱ ሙሉ ሲያለቅስ የከረመ ሕዝብ መጀመሪያ የሳቀው ያን ቀን ነው።

ስለ ጥር 13 ቀን

በታኅሣሥ 29 ቀን የመንዝ ጎረምሳ ገና ሲጫወት፣ ሩሩን በዱላው ሲያባርር፣ የአዳነንና የሳላዲንን ስም እየጠራ ነበር። ከዚያም ጥምቀት አለፈ፤ ቃና ዘገሊላ አለፈ። በነጋታው ሰኞ ቡድኑ በደቡብ አፍሪካ፣ በኔልስፕሪት ከተማ፣ በምቦምቤላ ስታዲየም ከዛምቢያ ጋር ተሰለፈ። ቀኑ ጥር 13 ነው፤ ሉቺያኖ ዋንጫውን ከተቀበለ ልክ 51 ዓመት። ይህን ማንም አላቀደውም፤ ዕጣ አወጣው።

ዛምቢያ ያለፈው ዋንጫ ባለቤት ነበረች። በደቡብ አፍሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስታዲየሙን በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ሞሉት። ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት አገኘ፤ ግብ ጠባቂው አዳነበት። ቀጥሎም የኛ ግብ ጠባቂ ጀማል ጣሰው ኳስ ሊያወጣ ዘሎ የዛምቢያን ተጫዋች በእግሩ መታ። ጀማልም ራሱ ተጎድቶ ወደቀ፤ ቀይ ካርድ ግን አልቀረለትም። ደጋፊውም ተቆጥቶ ቩቩዜላውን ወደ ሜዳ ወረወረ፤ ጨዋታውም ለጊዜው ቆመ። የነገሥታቱ ጸሐፍት የጌታቸውን ጥፋት ይሸፍኑ እንደ ሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን ይህን አልሸፍንም፤ ነውር ነበር።

በአጋማሹ ማብቂያ ላይ ኮሊንስ ምቤሱማ አገባብን። በአሥር ሰው የቀረ ቡድን ከሻምፒዮን ጋር ገጥሞ፣ ተመርቶም፣ ምን ያደርጋል? አሥሩ ግን ኳሱን መሬት ለመሬት እየተቀባበሉ አጠቁ። በ65ኛው ደቂቃ አዳነ ግርማ አገባ። ኢትዮጵያ ከ1968 ዓ.ም. ወዲህ በአፍሪካ ዋንጫ ያገባችው የመጀመሪያ ግብ ይህ ነው። 1 ለ 1 አለቀ። በሁለተኛ ደረጃ የማኖረው ቀን ይህ ነው።

ከዚህም በኋላ የሆነውን በአጭሩ እንለፍ። በጥር 17 ቀን ፈረሶች የሚባሉት ቡርኪና ፋሶዎች 4 ለ 0 አሸነፉን፤ ግብ ጠባቂያቸው በቀይ ካርድ ከወጣ በኋላ እንኳ ያገቡ ነበር። መንዝ የፈረስ አገር ነውና በዚህ የቀለደ ብዙ ነው። በጥር 21 ቀን፣ በአስተርእዮ ማርያም፣ ናይጄሪያ በቪክቶር ሞሰስ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምቶች 2 ለ 0 አሸነፈች። ቡድኑም ተመለሰ። ሆኖም ለዋንጫ የደረሱት እነዚሁ ሁለቱ ናቸው፤ ናይጄሪያ ቡርኪናን 1 ለ 0 አሸንፋ ወሰደችው። እንግዲህ የኛ ምድብ ያለፈውን ሻምፒዮን፣ የዚያን ዓመት ሻምፒዮንና ሁለተኛውን የያዘ ነበር። ይህ ማመካኛ አይደለም፤ የተጻፈ ነገር ነው።

ስለ ሰኔ 9 ቀን

በሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ወደ አዲስ አበባ መጣች። በርናርድ ፓርከር አገባብን። ጌታነህ ከበደ ከዕረፍት በፊት መለሰ። ከዕረፍት በኋላ ያው በርናርድ ፓርከር በግንባሩ ሊያወጣ የፈለገውን ኳስ በራሱ መረብ አሳረፈው። 2 ለ 1! ለሁለቱም ወገን ያገባ አንድ ሰው፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሜዳ። ሰው ሁሉ ምድቡን ጨረስን፣ ለመጨረሻው ማጣሪያ አለፍን ብሎ እልል አለ።

በዚያው ቀን ግን ሌላ ወሬ መጣ። በሰኔ 1 ቀን ቦትስዋናን በአገሯ 2 ለ 1 ስናሸንፍ የተሰለፈው ምንያህል ተሾመ ሁለት ቢጫ ካርድ ስለ ነበረበት መጫወት አይገባውም ነበር። ፊፋም የዚያን ጨዋታ ውጤት ሰርዞ ለቦትስዋና 3 ለ 0 ሰጠ። የቶጎና የኢኳቶሪያል ጊኒ ቡድኖችም በዚያው ሰሞን በተመሳሳይ ነገር ተመርምረዋል። ሱዳንም ከእኛ በፊት ዛምቢያን 2 ለ 0 ካሸነፈች በኋላ በዚሁ ምክንያት ተቀጥታ ነበር። ከጎረቤት ጥፋት መማር ሲቻል አልተማርንም።

ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ተጫዋች ተሰለፍ ሲባል ይሰለፋል። ካርድ መመዝገብ የጽሕፈት ሥራ ነው። እንግዲህ እውነቱን እንናገር፦ ያ ቡድን በእግር ያገኘውን ሦስት ነጥብ ያጣው በብዕር ነው። በሜዳ 11 ሰው ሲሮጥ በጠረጴዛ የተቀመጠ አንድ ሰው መዝገቡን ቢገልጥ ይበቃ ነበር።

ነገር ግን ቡድኑ አልወደቀም። በጳጉሜን 2 ቀን መካከለኛው አፍሪካን በብራዛቪል 2 ለ 1 አሸነፈ። ነጥቡ 13 ሆነ፤ የደቡብ አፍሪካ 11። የተቀማውን በድጋሚ አገኘ፤ ከአፍሪካ የመጨረሻዎቹ አሥር ቡድኖችም አንዱ ሆነ።

ስለ ዘመቻው ፍጻሜ

በዘመነ ማርቆስ፣ በጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ናይጄሪያ ለመጨረሻው ማጣሪያ ወደ አዲስ አበባ መጣች። በኃይሉ አሰፋ አስቀድሞ አገባ። ኢማኑኤል ኤመኒኬ መለሰ፤ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ደግሞ በፍጹም ቅጣት ምት ሁለተኛውን አገባ። በኅዳር 7 ቀንም በካላባር 2 ለ 0 ተሸነፍን። ወደ ብራዚሉ የዓለም ዋንጫ የሚወስደው መንገድ በዚያ ተቆረጠ።

ከዚያ በኋላ ቡድኑ በአፍሪካ ዋንጫ እንደገና የተሰለፈው በ2014 ዓ.ም. በካሜሩን ነው። በዚያም ከቡርኪና ፋሶ ጋር 1 ለ 1 ሲለያይ ግቧን ያገባ ጌታነህ ከበደ ነበር።

የጸሐፊው ፍርድ ይህ ነው። ያ ሠራዊት ዋንጫ ባያመጣም 31 ዓመት የተዘጋውን ደጅ ከፍቷል፤ የጎደለው ጉልበት ሳይሆን መዝገብ ነበር። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ በየትምህርት ቤቱና በየቀበሌው ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ ማን ከማን ጋር በየትኛው ቀን ገጥሞ ስንት ለስንት እንደ ወጣ ግን የሚጽፍ የለም። መምህር ሆይ፣ አሰልጣኝ ሆይ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ያዝ፤ ስማቸውን፣ ቀኑን፣ ግቡን፣ ካርዱንም ጻፍ።

ተፈጸመ።