ሥጋ የሚበላው ቅባት፦ የአንድ አሮጌ የነቀርሳ መድኃኒት ታሪክ

በቆዳ ላይ የወጣን ነቀርሳ (ካንሰር) በሚያቃጥል ቅባት አድርቆ ለመጣል መሞከር ከጥንት ጀምሮ በብዙ አገሮች የታወቀ ልማድ ነው። ከእነዚህ ቅባቶች መካከል ረጅም ዕድሜ ያገኘው በአሜሪካ «ጥቁር ቅባት» የሚባለው ነው።

የቅባቱ አንደኛው ክፍል በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ደኖች የሚበቅል ሳንጉዊናሪያ የተባለ ተክል ነው። ሥሩ ሲቆረጥ ደም የመሰለ ፈሳሽ ይወጣዋል። የአገሩ ነባር ሕዝቦች ለቀለምና ለመድኃኒት ይጠቀሙበት ነበር። ዌልደን ፌል የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ይህን ሥር ከዚንክ ክሎራይድ ጋር ለውሶ በለንደን ሚድልሴክስ ሆስፒታል በሕሙማን ላይ ከሞከረው በኋላ፣ በ1857 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው) ስለ ሕክምናው መጽሐፍ አሳተመ። በዚያን ጊዜ የሊስተር ጸረ ተሕዋስያን ዘዴ ገና አልታወቀም ነበርና ከቀዶ ጥገና በኋላ ቁስሉ አመርቅዞ የሚሞተው ሰው ብዙ ነበር። ስለዚህ ሕመምተኛው ቢላዋን ሸሽቶ ቅባትን ቢመርጥ የሚያስወቅሰው አልነበረም።

ይሁን እንጂ ሥጋውን የሚገድለው በዋነኛነት ዚንክ ክሎራይዱ እንጂ ዕፁ ብቻ አይደለም። ይህም ኬሚካል ጤነኛውን ከታመመው አይለይም። የነካው ሥጋ ጠቁሮ ይደርቃል፣ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላም ቅርፊት ሆኖ ይወድቃል። ሕመምተኛው የወደቀውን ሲያይ ነቀርሳው ከነሥሩ የተነቀለ ይመስለዋል። ዳሩ ግን ከሥር የቀረ ቅሪት ቢኖር ጠባሳው ከላይ ይሸፍነውና በስውር ማደጉን ይቀጥላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እዚህ ግን በሽታውን የሚደብቀው መድኃኒቱ ራሱ ነው።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን ይህን ቅባት ለሁለት ተቃራኒ ዓላማዎች ያዋሉ ሁለት አሜሪካውያን ተነሡ። አንደኛው ሃሪ ሆክሲ ነው። የሕክምና ትምህርት ያልነበረው ይህ ሰው፣ መድኃኒቱን ከቅድመ አያቱ እንደወረሰው እየተናገረ፣ በ1936 በዳላስ ከተማ ክሊኒክ ከፈተ። ለውስጥ ነቀርሳ የሚጠጣ መድኃኒት፣ ለውጭው ደግሞ የሚያቃጥል ቅባት ይሰጥ ነበር። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ1956 ሕዝቡን በይፋ አስጠነቀቀ፤ በ1960ም ሥራው በአሜሪካ ታገደ። ሆክሲ በኋላ ራሱ በፕሮስቴት ነቀርሳ ሲያዝ የገዛ መድኃኒቱ አልረዳውምና ወደ ቀዶ ጥገና ሄደ።

ሁለተኛው የዊስኮንሲኑ ሐኪም ፍሬድሪክ ሞስ ነው። በ1930ዎቹ ዚንክ ክሎራይድን ከዚሁ ሥርና ከአንቲሞኒ ማዕድን ጋር ለውሶ በነቀርሳው ላይ ይቀባ ነበር። ነገር ግን ቅርፊቱ እስኪወድቅ አልጠበቀም። የደረቀውን ሥጋ በስሱ እየቆረጠ እያንዳንዱን ሽፋን በማይክሮስኮፕ መረመረ፤ ነቀርሳ የታየበትን ቦታ በንድፍ ላይ ምልክት እያደረገ፣ ንጹሕ ሥጋ እስኪያገኝ ድረስ ደጋገመው። ዘዴውን በ1941 ለሙያው ዓለም አሳወቀ። በኋላም ያለ ቅባት፣ በማደንዘዣ ብቻ መቁረጥ እንደሚቻል ስለ ተረጋገጠ ቅባቱ ቀስ በቀስ ተተወ፤ ምርመራው ግን ቀረ፣ ዛሬም በስሙ ይጠራል።

እንግዲህ ቅባቱ አንድ ሲሆን ሁለቱን ሰዎች የለየው ማይክሮስኮፑ ነው። ዛሬ ቅባቱን ገዝቶ በቤቱ የሚቀባ ሰው ያለ ምርመራ ይቀራል። ሥጋው ተቃጥሏልና ተራ ኪንታሮት ይሁን ወይም ገዳዩ ሜላኖማ የሚለይበት ናሙና አይገኝም። በጊዜው ቢቆረጥ ኖሮ ሊድን የሚችለው በሽታ እስኪሰራጭ ዕድሜ ያገኛል፤ አፍንጫውን ወይም የዐይን ሽፋኑን ያጣም አለ።

ስለዚህ ባለሙያው በቅባት የዳነ ጠባሳ ይዞ የሚመጣን ሰው ከመገሠጽ ይልቅ ታሪኩን በትዕግሥት ሊጠይቀው፣ ከጠባሳውም ናሙና ወስዶ ሊያስመረምር ይገባል። የተዘጋ ቁስል የዳነ ነቀርሳ ማስረጃ አይደለምና።