ዓሣዎቹ፣ ቦርከና እና እግራችን

ባለፈው የኢድ ሰሞን ዱባይ ያለችው የአክስቴ ልጅ አንድ ቪዲዮ ላከችልኝ፡፡ እግሮቿን የመስታወት ገንዳ ውስጥ ነክራለች፤ ጣት የማያህሉ ዓሣዎች ከበው ይለቃቅሟታል፤ እሷ በሳቅ ትፍለቀለቃለች፡፡ ከሥሩ እንዲህ የሚል መልእክት አለ፡- «ደሴ ስገባ ፒያሳ ላይ የምከፍተው ይሄንን ነው፡፡ ምን ትያለሽ?»

እኔ ደግሞ ጋዜጠኝነት መማር ያመጣብኝ አመል ሆኖ ቶሎ «እሰይ» ማለት አይሆንልኝም፡፡ እስቲ መጀመሪያ የነገሩን ታሪክ ልየው ብዬ ቁጭ አልኩ፡፡

የዓሣዎቹ አገር ቱርክና አካባቢዋ ነው፡፡ ካንጋል በምትባል የቱርክ ወረዳ ሙቀቱ 35 ዲግሪ አካባቢ የሆነ ፍልውኃ አለ፡፡ በዚያ ሙቀት ለዓሣ የሚሆን ምግብ እንደ ልብ አይገኝም፤ ስለዚህ ዓሣዎቹ የታጣቢውን የሞተ ቆዳ ይቅማሉ፡፡ ሶሪያሲስ የሚባለው ቆዳን የሚያቀላና የሚያፈረፍር በሽታ ያለባቸው ሰዎች እፎይታ ፍለጋ ወደዚያ ይጓዛሉ፡፡ ልብ በሉ፤ እዚያ ውኃው ከምድር ይፈልቃል፣ ይፈስሳል፡፡ ነገር የመጣው ዓሣው ከፍልውኃው ወጥቶ የውበት ሳሎን ገንዳ ውስጥ ሲገባ ነው፡፡

እ.ኤ.አ. በ2008 ይህ አገልግሎት ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት በዋሽንግተን ዙሪያ፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ውስጥ ተከፈተ፡፡ ወሬው በአንድ ጊዜ አሜሪካን አዳረሰ፡፡ ብዙም ሳይቆይ ግን ከ10 በላይ የአሜሪካ ግዛቶች ከለከሉት፡፡ ምክንያታቸው ቀላል ነው፡፡ መቀስ ይታጠባል፣ በመድኃኒት ይነከራል፡፡ ዓሣ ግን በበረኪና አይታጠብም፤ ይሞታል! ዓሣው ውስጡ እያለ ገንዳውንም በአግባቡ ማጽዳት አይቻልም፡፡ ውድ ስለሆነም ለአንድ ደንበኛ ብቻ ተጠቅሞ የሚጥለው የለም፡፡ ያው ዓሣ፣ ያው ውኃ፣ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው፡፡ በዚያ ላይ ቆዳ እንዲበላ መራብ አለበት፡፡ አንዳንዴም በትክክለኛው ዓሣ ስም ሌላ ይሸጣል፤ እሱ ሲያድግ ጥርስ ያወጣል፣ ያደማል፡፡

እ.ኤ.አ. በ2011 የጸደይ ወራት ደግሞ ከኢንዶኔዥያ ወደ እንግሊዝ የገቡ 6,000 ያህል ዓሣዎች በባክቴሪያ ታመው ተገኙ፡፡ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በሂትሮው አየር ማረፊያ በኩል የሚገቡትን ሲመረምሩ ሰውን ሊያሳምሙ የሚችሉ በርካታ የባክቴሪያ ዓይነቶች አገኙ፤ አንዳንዶቹም ብዙ መድኃኒቶችን የተላመዱ ነበሩ፡፡ የአገሪቱ የጤና መሥሪያ ቤት በዚያው ዓመት ባወጣው መመሪያ፣ ለጤነኛ ሰው አደጋው ዝቅተኛ ነው አለ፡፡ የስኳር ሕመም ያለበት፣ የመከላከል አቅሙ የደከመ፣ እግሩ ላይ ቁስል ያለበት ግን እንዳይሞክረው መከረ፡፡ ሚዛናዊ ንግግር ነው፤ እኔም ከዚያ በላይ ላስፈራራችሁ አልፈልግም፡፡

አሁን ወደ ቀያችን ልመልሳችሁ፡፡ የዓሣው ወገን በሳይንስ ስሙ «ጋራ» ይባላል (ከጦሳ ጋራ ጋር ዝምድና የለውም!)፡፡ ዘመዶቹ በኛም ወንዞች አሉ፤ አንደኛው ስሙን ያገኘው ከጎንደሩ ደምብያ ነው፡፡ ኮምቦልቻ ያደግን ልጆች ቦርከና ውስጥ እግራችንን ነክረን ትናንሽ ዓሣዎች ሲኮረኩሩን ስቀናል፤ ያውም በነፃ፡፡ አደጋው ግን የነበረው ከሚኮረኩረን ዘንድ አልነበረም፡፡

የቦርከና ተፋሰስና የሐይቅ አካባቢ ቢልሃርዚያ ካለባቸው የወሎ ቦታዎች መካከል ናቸው፡፡ ትሉ ከሰው ዓይነ ምድር ጋር እንቁላሉ ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ይፈለፈልና ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፡፡ ከሳምንታት በኋላ በዓይን የማይታይ ሆኖ ይወጣና ያልቆሰለ ቆዳን ሳይቀር በደቂቃዎች ውስጥ ሰርስሮ ይገባል፡፡ እያደርም አንጀትና ጉበትን ይጎዳል፡፡ ቀንድ አውጣ የሌለበት የሳሎን ገንዳ ይህን በሽታ አያመጣም፡፡ ትምህርቱ ግን አንድ ነው፤ አንዱ የተወው ነገር በውኃው በኩል ለሌላው ይደርሳል፡፡

ይህን በሽታ ከታገሉት መካከል ዶ/ር አክሊሉ ለማ ይገኙበታል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፡፡ ሌላው ሰው በየቀኑ አይቶ የሚያልፈውን እሳቸው «ለምን?» አሉ፡፡ ከዚያ ጥያቄ የዕድሜ ልክ ምርምር ተወለደ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶ/ር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙበት፡፡ ከውኃው በላይ ያለው ሰው የሚያደርገው ከታች ላለው እንደሚተርፍ ከዚህ በላይ ማን ያስረዳናል?

ለነገሩ እኛ ይህን ትምህርት በምላጭም ተምረነዋል፡፡ ኤች አይ ቪ ቤታችንን ያንኳኳ ጊዜ ስንቱ የራሱን ምላጭ በኪሱ ይዞ ፀጉር ቤት ይሄድ ነበር! ምላጭ ያልተዋስን ሰዎች አሁን ዓሣ እንዋስ?

ለአክስቴ ልጅ እንዲህ ብዬ መለስኩላት፡- «ሳሎኑን ክፈቺ፣ እኔም የመጀመሪያዋ ደንበኛ እሆናለሁ፡፡ ዓሣውን ግን ተይው፡፡ ለእያንዳንዷ ሴት በሳሙናና በበረኪና የታጠበ ሳፋ፣ በወጉ የጸዳ መሣሪያ፣ ንጹሕ ፎጣ አዘጋጂ፡፡ ስኳር አለብሽ ወይ ብለሽም ጠይቂ፡፡»

ትንሽ ቆይታ መለሰች፡- «አብሽሪ፣ ገንዳውን ገና አልገዛሁትም፡፡»