ሸክላው፣ ካሴቱና እኛ

የዩኒቨርሲቲያችን የ1950ዎቹና የ60ዎቹ ታሪክ ሲነሳ ሁላችንም ወደ ሰልፉ እንሮጣለን። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ተብሎ የተወጣው ሰልፍ፣ የማኅበሩ ስብሰባ፣ ክርክሩ፣ እስሩ። ይሁን፤ ተጽፏል፣ ገናም ይጻፋል። ያ ሰልፈኛ ማታ ዶርሙ ሲገባ ምን ያዳምጥ እንደነበር ግን የጻፈ ብዙ ሰው አላየሁም። ስለ ሮክ ዘፈን መጻፍ ለአንዳንዶቻችሁ ቀልድ ይመስል ይሆናል። ለእኔ የዚያ ትውልድ ታሪክ ግማሽ ጎኑ እዚያ ነው ያለው።

ዜማው በብዙ በር ነው የገባው። አስመራ ያደጉት ጓደኞቻችን ከቃኘው ጣቢያ የአሜሪካ ወታደሮች ሬዲዮ ሰምተው ነበር የሚመጡት፤ ዘፈን በማወቅ ማን ይችላቸዋል! አዲስ አበቤዎቹ የፒያሳን ሙዚቃ ቤቶች ያውቃሉ። ከክፍለ ሀገር ለመጣነው ደግሞ በሩ የሰላም ጓድ ነበር። በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የመጀመሪያዎቹ አሜሪካውያን ወጣቶች መጥተው በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ተመደቡ። ደሴ የእንግሊዝኛ መምህራችን የነበረው ወጣት ጊታር ይዞ ነበር የመጣው። «ዘ ሃውስ ኦቭ ዘ ራይዚንግ ሰን» የተባለውን፣ ዘ አኒማልስ በ1964 እ.ኤ.አ. ያወጡትን ዘፈን የሰማሁት ከእሱ ጣቶች ነው። ኦሪጅናሉን በሸክላ ስሰማ ዓመት አልፎ ነበር፤ እውነቱን ልናገር፣ የመምህሬ ይበልጥብኛል።

ለምን ያን ያህል ያዘን? አንዱ ምክንያት ጆሯችን ይመስለኛል። ሮክ ከጥቁር አሜሪካውያን ብሉዝ የተወለደ ነው፤ የብሉዝ ጊታር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በአምስት ድምፅ ላይ ይሄዳል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬም ባለ አምስት ድምፅ ናቸው። እርከኑ አንድ አይደለም፤ ግን በክራር ላደገ ልጅ ባዕድም አይሆንበትም። ሳንታና በ1970 እ.ኤ.አ. «ብላክ ማጂክ ውማን»ን ሲያወጣ ስድስት ኪሎ ዶርም ውስጥ ከበሮውን አልጋው ብረት ላይ የማይመታ አልነበረም። የቢትልሶች «ሄይ ጁድ» ሲመጣ ደግሞ የገረመን ርዝመቱ ነው፤ ከሰባት ደቂቃ በላይ! የአንድ ትንሽ ሸክላ አንድ ገጽ ይህን ያህል ይይዛል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ታዲያ ሁሉም ደስ ብሎት አልነበረም። በ1960 ዓ.ም. ተማሪው ግቢ ውስጥ የተዘጋጀውን የፋሽን ትርኢት ተቃውሞ መነሳቱን የዚያ ዘመን ሰዎች ታስታውሳላችሁ። የምዕራቡ ባህል የኢምፔሪያሊዝም መግቢያ ነው የሚለው ክርክር ከዚያ በኋላ እየከረረ ሄደ። እኛም ዶርም ውስጥ ይኸው ነበር። አንድ የቅርብ ጓደኛዬ፣ የሕግ ተማሪ፣ «ቀን አሜሪካን ታወግዛለህ፣ ማታ ሸክላዋን ታዞራለህ» ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ክሪደንስ ክሊርዎተር ሪቫይቫል በ1969 እ.ኤ.አ. ያወጡትን «ፎርቹኔት ሰን»ን አሰማሁት፤ የባለጸጋ ልጅ ከጦርነት ሲቀር የድሃ ልጅ እንደሚዘምት የሚናገር ዘፈን ነው። ዝም ብሎ አዳመጠና «ይኼ የእኛ ሰው ነው፤ ድገመው» አለኝ።

በዚያው ዓመት አንድ ትልቅ ነገር አገር ውስጥ ሆነ። ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር የተሰጠ ነበር። ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረው አምሐ እሸቴ ያን ደፍሮ የራሱን ማሳተሚያ ከፈተ፤ የመጀመሪያው ሸክላም የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» የተባለው ዓለማየሁ፣ ከፖሊስ ኦርኬስትራ የወጣ ድምፃዊ፣ የሮክን ጩኸት በአማርኛ አሰማን። ከዚያ ወዲህ ያ ድምፅ የሰው ነው ማለት ቀረ።

ከዚያ 1966 መጣ። በ1967 ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወጣን፤ ዩኒቨርሲቲው ባዶ ቀረ። ሰዓት እላፊው የምሽቱን ሙዚቃ ገደለው፣ አምሐም አገር ለቆ ወጣ፣ ሸክላ በካሴት ተተካ። ያ የሕግ ተማሪ ወዳጄ ከቀይ ሽብር አልተረፈም። የእሱ የሆነ አንድም ፎቶግራፍ የለኝም። «ፎርቹኔት ሰን» ሲጀምር ግን ፊቱ ይመጣልኛል፤ ያለኝ ማስታወሻ ይህ ብቻ ነው።

ሮክ እንደገና ወደ እኛ የዞረው በ1977 ነው። በጥቅምት የቢቢሲ ዘገባ ከቆረም ወጣ። በኅዳር የብሪታንያና የአየርላንድ ዘፋኞች ለንደን ተሰብስበው ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ የሚል ርዕስ ያለው ዘፈን ቀረጹ። ሐምሌ 6 ቀን ደግሞ ለንደንና ፊላዴልፊያ ላይ ላይቭ ኤይድ ተካሄደ። እኔ ያኔ መምህር ነበርኩ፤ የወሎ ልጅም ነኝ። በወጣትነቴ የወደድኳቸው ሰዎች ለወገኖቼ ሲዘፍኑ ደስታ አልነበረም የተሰማኝ፣ ቅሬታም ብቻ አልነበረም። እህሉ ደርሷል፤ ነፍስ ተርፏል፤ ይህን የሚክድ ሰው ረሃቡን አላየም። ግን ላሊበላ ያለችው ወሎ ውስጥ ነው! ገናን ለዘመናት በሺዎች ተሰብስቦ የሚያከብርን ሕዝብ ገናን ያውቃል ወይ ብሎ መጠየቅ ምን ይባላል? አንድ ተማሪዬ «ጋሼ፣ እኛ የእነሱን ዘፈን በቃላችን ስናውቅ እነሱ በዓላችንን እንኳ አያውቁም?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም ጥያቄው ከማንኛውም መልስ ይሻላል እላለሁ።

በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ «ኢትዮፒክስ» የተሰኙት ሲዲዎች በፈረንሳይ መውጣት ሲጀምሩ የአምሐ ሸክላዎች ዓለምን ዞሩ። ዘፋኞቹ እንዲህ ተመዘገቡ፤ አድማጩ ግን አልተመዘገበም። ማን፣ የት፣ ከማን ጋር፣ በየትኛው ሬዲዮ ሰማ? ይህን የምናውቀው እኛ ነን፤ በየዓመቱ ስንገናኝም ወንበሮቹ እየጎደሉ ነው።

ስለዚህ ለዘንድሮው ስብሰባ አንድ ልመና አለኝ። አዲስ አበባም ሁኑ ዋሽንግተን፣ አንዲት ዘፈን ምረጡ። መጀመሪያ የሰማችሁበትን ቦታና ዓመት፣ አብሯችሁ የነበረውንም ሰው በግማሽ ገጽ ጻፉ። ሳጥን ውስጥ የቀረ ሸክላ ወይም ካሴት ካለ አትጣሉት፤ ይዛችሁ ኑ። ወጣት መምህራን ደግሞ ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ መጥታችሁ ጠይቁን፤ ስንጠየቅ እንናገራለን። አብሯችሁ የነበረው ሰው ዛሬ ከሌለ፣ ስሙን በመጀመሪያው መስመር ላይ ጻፉት።