ከተማ በካርታና ከተማ በኑሮ

ሰው ቤት ለመሥራት ሲነሣ፥ ውሃው ከወዴት እንደሚቀዳ፥ ማገዶው ከወዴት እንደሚመጣ፥ ጎርፉ በየት በኩል እንደሚወርድ፥ ጎረቤቱም ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ይመረምራል። ከተማም የብዙ ቤቶች ማኅበር ስለ ሆነች ይኸው ምርመራ ሊደረግላት ይገባል። የከተማ ፕላን ማለት መንገድ ማቅናትና ሕንፃ ማሰለፍ ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች ግን ብዙዎች ናቸው። ይህን አሳብ ለመመርመር ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም፤ የምንኖርባት የአዲስ አበባ ታሪክ ራሱ በቂ አስተማሪ ነው።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ መናገሻቸው በእንጦጦ ተራራ ላይ ነበር። እንጦጦ ለጦር ጥበቃ የተመቸ ቢሆንም ብርዱ የጸና፥ ኑሮውም የከበደ ነበር። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከተራራው በታች፥ ኦሮሞዎች ፊንፊኔ በሚሉት ሥፍራ፥ ከፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠሩ፤ ስሙም አዲስ አበባ ተባለ። መኳንንቱም በየኮረብታው ቦታ እየተመሩ ሰፈሩ፤ በያንዳንዱም መኰንን ግቢ ዙሪያ ወታደሩ፥ አሽከሩና ባለሙያው ጎጆውን ቀለሰ። ደጃች ውቤ ሰፈር፥ ራስ ሙሉጌታ ሰፈር፥ ሠራተኛ ሰፈር የሚባሉት ስሞች ይህንኑ አሠፋፈር ያስታውሱናል።

ይህ አሠፋፈር በወረቀት ላይ የተነደፈ አልነበረም። ጉድለቱም ግልጥ ነው፤ መንገዱ ጠመዝማዛ ነበር፥ ክረምት ሲገባም ከእንጦጦ የሚወርዱት ወንዞች ሰፈርን ከሰፈር ይለያዩ ነበር። ነገር ግን አንድ ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ ባለጸጋውና ድኻው በአንድ ሰፈር ጎረቤታሞች ሆነው ይኖሩ ነበርና፥ ሠራተኛው ከሥራው፥ ችግረኛውም ከረዳቱ አልራቀም።

አዲሲቱ ከተማ ብዙም ሳትቆይ ከባድ ፈተና ደረሰባት። የሕዝቡ ቍጥር በጨመረ መጠን በዙሪያው የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተቈርጦ አለቀ። በዚህም ምክንያት ንጉሠ ነገሥቱ በ1893 ዓ.ም. ገደማ መናገሻቸውን በስተ ምዕራብ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው፥ በዚያ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ሆኖም በ1880ዎቹ ዓ.ም. ከውጭ አገር የገባው የባሕር ዛፍ ቶሎ የሚያድግ፥ ከተቈረጠም በኋላ ከጉቶው መልሶ የሚያቈጠቍጥ ሆኖ ተገኘ። ሕዝቡም በየግቢው ይተክለው ጀመር። ከተማዪቱ ከመፈለስ ዳነች፤ የአዲስ ዓለሙም ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው እንደ ተባለው፥ አንድ መንግሥት ብቻውን ሊተክለው የማይችለውን ደን ሕዝቡ በየአጥሩ ሥር ተከለው። ይህ ሥራ ትልቅ ፕላን ነው ብንል አልተሳሳትንም፤ ከነዋሪው ችግር ተነሥቶ በነዋሪው እጅ ተፈጽሟልና።

ከዚህ ጋር የሚነጻጸረው የጠላት ዘመን ፕላን ነው። ፋሺስት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ፥ ለ ኮርቡዚየ የተባለው ስመ ጥሩ አርክቴክት ለከተማዪቱ ንድፍ ሥሎ ነበር። ንድፉ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚወርድ ሰፊ ጐዳና ያለበት፥ ኰረብታውንና ወንዙን፥ የቆየውንም ሰፈር ከቁም ነገር ያልቈጠረ ነበር፤ በወረቀት ላይም ቀረ። የኢጣልያ አርክቴክቶች ጉዊዲና ቫሌ ያዘጋጁት ፕላን ደግሞ ነጩን ከጥቁሩ ለመለየት ታስቦ የተሠራ ነው። በዚሁ አሳብ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ታላቅ ገበያ ለአገሬው ሰው ተብሎ ወደ ምዕራብ ተገፋ። ከነጻነት በኋላ ግን ሕዝቡ ያንን ሥፍራ በንግዱ አሳድጎ መርካቶን የአገሪቱ ታላቅ ገበያ አደረገው። ለመለያየት የተሠመረው መሥመር ብዙ ዓይነት ሰው የሚገናኝበት ሆነ።

ከነጻነት በኋላ የለንደንን ፕላን ያዘጋጁት እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ ተጋብዘው፥ በ1940ዎቹ ዓ.ም. ለአዲስ አበባ ፕላን አወጡ። ከተማዪቱን የሚዞሩ መንገዶችን፥ ትምህርት ቤትና ገበያ በቅርቡ የሚያገኝ የመኖሪያ ሰፈርንም የሚያስብ ፕላን ነበር። በ1957 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ፈረንሳዊው ደ ማሪየን ከማዘጋጃ ቤቱ እስከ ባቡር ጣቢያው የሚወርደውን ጐዳና የከተማዪቱ አከርካሪ አድርጎ ነደፈ። ጐዳናው ዛሬም ከተማዪቱን ያስጌጣል፤ የመኖሪያ ሰፈሩ አሳብ ግን በብዛት ከወረቀት አልወረደም። ለዓይን የሚታየው ቶሎ ይሠራል፤ ለኑሮ የሚበጀው ግን ይዘገያል።

እኛም ባንድ ወቅት አንድ የከተማ ካርታ ዘርግተን ስንመለከት፥ ተወልደን ያደግንበት ሰፈር በሙሉ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ አየን። መናፈሻ እንዲሆን ታስቦ ኖሯል። መናፈሻ መልካም ነገር መሆኑን አንክድም። ሆኖም እናቶቻችን ልጅ በአደራ የሚሰጣጡበትን ደጅ፥ አባቶቻችን የዕድር ድንኳን የሚተክሉበትን ሜዳ በካርታው ላይ ፈልገን አጣነው። ካርታው አልዋሸም፤ የሚያመለክትበት ምልክት ስላልነበረው ብቻ ዝም አለ።

ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች በዚህ ረገድ ሁለት ነገር ያስተምሩናል። ብዙ ቤተ ሰብ በቤቱ ውስጥ ውሃና መጸዳጃ አግኝቷል። ከፎቆቹም አጠገብ ለበግ ማረጃ፥ ለእንጀራ መጋገሪያና ለልብስ ማጠቢያ የሚሆን የጋራ ቤት እንዲሠራ መደረጉ፥ ነዳፊው የሕዝቡን ኑሮ እንዳሰበ ያሳያል። በሌላ በኩል ግን ቤቱ በዕጣ ስለ ተደለደለ፥ ለብዙ ዓመት አብረው ያለቀሱና የሳቁ ጎረቤታሞች አንዱ ወደ ጀሞ፥ ሌላው ወደ የካ አባዶ ተበተኑ። ከሥራው የራቀውም ሰው ጧትና ማታ ጊዜውንና ገንዘቡን በመንገድ ላይ ያፈስሳል። ግድግዳ በጥቂት ዓመት ይሠራል፤ ጉርብትና ግን እንደ ባሕር ዛፍ ቶሎ አይበቅልም።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፥ ፕላን አያስፈልግም ማለት እንዳይደለ ነው። ያለ ፕላን የምታድግ ከተማ ጎርፍ፥ እሳትና በሽታ ያጠቋታል። የምንለው፥ ፕላን አውጪው እርሳሱን ከማንሣቱ በፊት በሰፈሩ በእግሩ ይመላለስ፤ ሕፃኑ በየት መንገድ ወደ ትምህርት ቤት እንደሚሄድ፥ አሮጊቷ ውሃ ከየት እንደምትቀዳ፥ ዕድርተኛው የት እንደሚሰበሰብ ይጠይቅ ነው። ነዋሪውም ተነሥ ከተባለ፥ ከጎረቤቱ ጋር አብሮ የሚነሣበትና አብሮ የሚሰፍርበት መንገድ ይፈለግለት። እኛ በመሥሪያ ቤት የተቀመጥን ሰዎች በፊታችን የሚዘረጋው ካርታ ላይ ፊርማችንን ከማኖራችን በፊት፥ በያንዳንዱ ነጥብ ሥር አንድ ምድጃ እንደሚጨስ እናስታውስ።