ፅንስ ማቋረጥና የሴቲቱ ቃል፣ ከመተማ ቆላ ሲታይ

የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ፅንስ ማቋረጥን የፈቀደው የእናቲቱን ሕይወት ወይም ጤና ከከባድና ዘላቂ አደጋ ለማዳን ብቻ ነበር። የእርሷ ፈቃድ ቢያስፈልግም፣ ሐኪሙ በጽሑፍ ያረጋገጠውን ሌላ ስፔሻሊስት ማጽደቅ ነበረበት። ለመተማ ሴት ይህ ቢያንስ ወደ ጎንደር መውጣት ማለት ነበር። ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ግን ፅንሱ ከአስገድዶ መድፈር ወይም ከቅርብ ዘመድ ግንኙነት የመጣ ሲሆን የሴቲቱን ቃል ብቻውን በቂ አደረገው። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የ1998 ዓ.ም. መመሪያም አገልግሎቱ አስቀድሞ እንዲብራራላትና ፈቃዷ እንዲጠየቅ አዘዘ። በመመሪያው መሠረት ዕድሜዋን ምክንያት አድርጋ ከ18 ዓመት በታች ነኝ ካለች የተናገረችው ዕድሜ በካርዷ ላይ ይሰፍራል፤ ሌላ ማስረጃ አይጠየቅም። ለሰሊጥ አረም ከደጋ ወርዳ መታወቂያ እንኳ ላልያዘች ልጅ ከዚህ የሚበልጥ አንቀጽ የለም።