ዋያንግ ጎሌክ፦ የእንጨት አሻንጉሊትና የሕዝብ ትምህርት በምዕራብ ጃቫ

በኢንዶኔዥያ፣ በጃቫ ደሴት ምዕራባዊ ክፍል የሚኖረው የሱንዳ ሕዝብ ከእንጨት ተጠርቦ በዘንግ የሚንቀሳቀስ የአሻንጉሊት ቴያትር አለው። ስሙም ዋያንግ ጎሌክ ይባላል። ይህ ቴያትር ፊደል የቆጠረውም ያልቆጠረውም እኩል የሚማርበት መድረክ ሆኖ ለብዙ ትውልድ ስላገለገለ፣ ታሪኩ ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጭዎች የሚያስተላልፈው ቁም ነገር አለ።

የአሻንጉሊቱ ራስና ደረት ከቀላል እንጨት ተጠርቦ ቀለም ይቀባል። አንድ ዘንግ በአካሉ ውስጥ ዘልቆ ከራሱ ጋር ስለሚጋጠም፣ ዘንጉ ሲዞር ራሱም ይዞራል። ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች ደግሞ እጆቹን ያንቀሳቅሳሉ። እግር የለውም፤ ከወገቡ በታች ያለው ጨርቅ የአጫዋቹን እጅ ይደብቃል። ቀጭን ዐይንና ዝቅ ያለ ፊት የጨዋነት፣ ቀይ ፊትና የፈጠጠ ዐይን የቁጣ ምልክት ስለ ሆነ፣ ተመልካቹ ገና ቃል ሳይሰማ የባለታሪኩን ጠባይ ይረዳል።

አጫዋቹ ዳላንግ ይባላል። እግሩን አጣጥፎ ተቀምጦ ከምሽት እስከ ንጋት የሁሉንም ድምፅ ብቻውን ያሰማል፤ ጋሜላን የተባለውንም የሙዚቃ ጓድ ይመራል። ተራቸው ያልደረሰ አሻንጉሊቶች በሙዝ ግንድ ላይ ተሰክተው ይቆያሉ። ሙያው በአብዛኛው ከአባት ወደ ልጅ፣ በማየትና በመለማመድ የሚተላለፍ ነው።

በጃቫ ዋያንግ ጥንታዊ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ907 የተቀረጸ ጽሑፍ ይመሰክራል። የእንጨቱ አሻንጉሊት ግን ከቆዳው የጥላ አሻንጉሊት በኋላ የመጣ ነው። በሰሜናዊው ጠረፍ፣ በቺሬቦን አካባቢ፣ የእስልምናውን ጀግና የአሚር ሐምዛን ታሪክ ሲያሳይ ቆይቶ፣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት በሱንዳ ደጋማ አገር ከህንድ የመጡትን የራማያናንና የማሃባራታን ታሪኮች የሚያቀርበው ዓይነት ተስፋፋ። ሆኖም ሕዝቡ በእነዚህ ታሪኮች ላይ የራሱን ሰዎች ጨመረባቸው፤ እነርሱም ሰማርና ልጆቹ ናቸው። በተለይ ቼፖት የተባለው ቀይ ፊት ቀልደኛ አገልጋይ ሆኖ ሳለ ጌቶቹን በተራ ሰው ቋንቋ ይተቻል።

መንግሥት ይህን ኃይል አልዘነጋውም። እ.ኤ.አ. በ1969 የመጀመሪያው የአምስት ዓመት ዕቅድ ከተጀመረ በኋላ የሱሃርቶ አስተዳደር ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ልማት የሚሰጠውን መልእክት በዳላንጎች አፍ ያስነግር ነበር። መልእክቱም ብዙውን ጊዜ የሚገባው በቀልደኞቹ ክፍል ነበር። እዚህ ላይ ግን ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ዳላንጉ የሚኖረው ሠርግና ግርዛት ያለበት ባለድግስ ሲጠራው ነው። የባለሥልጣን ቃል ብቻ የሚደግም ከሆነ ሕዝቡ አይጠራውም፤ ቃሉን ፈጽሞ ቢተው ደግሞ ከመንግሥት ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ዐዋቂው ዳላንግ በአንዱ ቼፖት አፍ ዕቅዱን ሲያስተዋውቅ፣ በዚያው አፍ የሹማምንትን ጉድለት በቀልድ ያነሣ ነበር። ሰሚውም ምክሩን የተቀበለው የሚተች አንደበት ስለ ተናገረው ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ሙያው ከዘመኑ ጋር መለወጡም አልቀረም። በባንዱንግ አውራጃ የጄሌኮንግ መንደር ተወላጅ የነበረው አሴፕ ሱናንዳር ሱናሪያ (እ.ኤ.አ. 1955–2014) መንጋጋቸው የሚንቀሳቀስ አሻንጉሊቶችን አቀረበ። ወግ አጥባቂዎች ቢነቅፉትም በካሴትና በቴሌቪዥን ወጣቱን ወደ መድረኩ መለሰ። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2003 ዋያንግን በጠቅላላው የሰው ልጅ ድንቅ ቅርስ ብሎ አውጆ፣ በ2008 በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛ፣ ከሕዝብ የወጣ ጥበብ ለትምህርት መሣሪያ ሊሆን የሚችለው ነፃ አንደበቱን እንደ ያዘ ሲቆይ ነው፤ ያ ከተወሰደበት የሚቀረው የተጠረበ እንጨት ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ቅርስን የሚያቆየው በመዝገብ መጻፉ ሳይሆን፣ ከመምህሩ አጠገብ ተቀምጦ ዘንጉን ማዞር የሚማር ልጅ መገኘቱ ነው። ዕቅድ አውጭው ስለ መድረኩ ሲያስብ አስቀድሞ ስለዚህ ልጅ ሊያስብ ይገባዋል።